በጂዛን መምህሩን ማገዝ ማለት ምን ማለት ነው?

የጂዛን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2006፣ በንጉሥ አብደላህ ቢን አብዱልዓዚዝ (አላህ ይዘንላቸው) ዘመን ነው። ኮሌጆቹ በጂዛን ከተማ ብቻ አልተወሰኑም፤ በሰብያ፣ በአቡ ዐሪሽ፣ ለየመን ድንበር ቅርብ በሆነችው በሳምታህ፣ በተራራማው አድ-ዳኢር፣ በመርከብ በሚደረስበት በፈረሳን ደሴትም ተማሪ ተቀብለው አስተምረዋል።

ሕንፃ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ መምህር ማብቃት ሌላ ነው። በእነዚህ ኮሌጆች የሚያስተምሩት ከፊሎቹ ከሱዳን፣ ከግብፅ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ዕውቀታቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት በዐረብኛ የተማረን ወጣት ሕክምናን ወይም ምሕንድስናን በእንግሊዝኛ ማስተማር የዶክትሬት ማዕረግ ብቻውን የማይሰጠው ጥበብ ነው። የዕውቅና አካሉ ከየመምህሩ የኮርስ መግለጫና የኮርስ ሪፖርት ይጠይቃል። ቅጹ ሥርዓት ያስይዛል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ትምህርቱ ገብቶት እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ክፍሉ ገብቶ ያየ የሥራ ባልደረባ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በወሎ ኪታብ የዘለቀ ደረሳ ታናሾቹን ማስቀራት የሚጀምረው ሸይኹ በቅርብ እየሰሙት ነው፤ ሲሳሳት የሚያርመው አለ። በዘመናዊው ትምህርት ኢትዮጵያ ወደዚህ ሐሳብ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የመምህራን ከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር እያስተማረ ለአንድ ዓመት ያህል ስለ አስተማሪነቱ ይማራል፤ በራሱ ክፍል ያየውን ችግር መርጦ ትንሽ ምርምር ያደርግበታል። ሰዓት የሚፈጅ ሆኖ ያማረሩበት መምህራን ጥቂት አይደሉም፤ ቢሆንም ምሁርን ስለ አስተማሪነቱ እንዲያስብ ማስገደዱ ራሱ ድፍረት ነበር።

ወደ ምርምሩ ስንመጣ ጂዛን ሌላው የሚመኘው ርዕስ ከደጁ ያለው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ምድር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰተው በዚህችው ጂዛንና በአጎራባች የመን ነበር። በሳዑዲ በኩል ከ800 በላይ ሰዎች ታመው ከ100 በላይ ሞተዋል፤ ቫይረሱም በምሥራቅ አፍሪካ ከ1997 እስከ 1998 ከታየው ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ተረጋግጧል። በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ከብት የሚያረባው ሕዝብ ጉዳዩ አንድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ጫትም አለ። በ2009 የታተመ፣ በክልሉ ወደ 10,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት ከአምስቱ አንዱ ገደማ እንደሚቅም አሳይቷል። ዩኒቨርሲቲው በአደንዛዥ ዕፆች ላይ የሚሠራ የምርምር ማዕከል አለው። ሐረርጌን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ በሳምታህ ያለ ወጣት መምህር እንዲህ ያለውን ጥናት ልሥራ ቢል ምን ያስፈልገዋል? ገንዘብ አስቀድሞ ይነሣል። ነገር ግን ጥናቱን የሚያኮላሸው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ መጠይቁ ሳይበተን የናሙናውን ብዛት የሚያሰላለት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ማጣት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መዘግየት፣ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ የሚያርምለት ሰው አለመኖር፣ ከሁሉም በላይ የሰዓት እጥረት። የማስተማር ጫናው ካልቀለለት የሚጽፈው በሌሊትና በበዓል ቀን ነው። የማዕረግ ዕድገት በታተሙ ጽሑፎች ብዛት ሲመዘን ደግሞ ያችኑ ጥቂት ሰዓት ከተማሪዎቹ ቀንሶ ለጽሑፉ መስጠቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሰሚስተሩ ሳይጀመር ከኮርሶቹ አንዱን ማንሣት ከብዙ የሥልጠና አዳራሽ ይልቅ ይጠቅመዋል።