የጓሮው ሸማኔ

በሀቢቾም ሆነ በሆሳዕና ዝናቡ ሲጀምርና ሣሩ ሲለመልም፣ አጥር ላይ ሣር በምንቃሩ አንጠልጥሎ የሚመላለስ ቢጫ ወፍ ይታያል። ፊቱ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ከሸማኔ ወፎች ወገን ነው፤ የወፍ አጥኚዎች ባግላፌክት ይሉታል። ደጋ ስለሚወድ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉት የሀዲያ ከተሞች ይስማሙታል።

ሸመናው የወንዱ ሥራ ነው። የሣሩን ቅጠል ጠርዝ ነክሶ ይበርና ረጅም ጭረት ይሰነጥቃል። ደረቅ ሣር ሲያጥፉት ስለሚሰበር እርጥቡን ይመርጣል። ጭረቱን ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ እየቋጠረ ጎጆውን ያንጠለጥላል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ለእባብ አይመችምና። ውስጡን በለስላሳ ነገር የምታነጥፈው ሴቷ ናት።

እንደ ሀዋሳ ባሉ ሞቅ ያሉ ቦታዎች የሚኖረው ዘመዱ ደግሞ በአንድ ዛፍ ላይ በመንደር ይሠፍራል። ወንዱ ጎጆውን ሠርቶ ከበሩ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል፤ ሴቷ ገብታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ጎጆው ፈላጊ አጥቶ ሣሩ ከደረቀ ራሱ አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ቤት ሠርቶ ሽማግሌ የላከ ሰው ይህን ሲያይ ሳያዝንለት አይቀርም።

አንዳንዶች ወፍ ለመሳብ የእንጨት ሣጥን መስቀል እንደሚበጅ ያነባሉ። ሣጥን የሚጠቅመው ግን የግንድ ቀዳዳ ውስጥ ለሚፈለፍሉ ወፎች ነው። ድንቢጥ እንደሆነች ሳትጋበዝም ከቆርቆሮው ሥር ትገባለች። ሸማኔው ከእኛ ቤት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ዕቃ ነው። እንሰቱ አጠገብ ሳይታጨድ የሚቀር ሣር፣ ቅርንጫፉ ያልተመለመለ ዛፍና በዝርግ ሳህን የተቀመጠ ውኃ ይበቃዋል።

እህል ይበላል ብለው የሚጠሉት አሉ፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ባግላፌክት ነፍሳትንም አብዝቶ ይለቅማል፣ ጫጩቶቹንም በነፍሳት ያሳድጋል። ለጎመን ተካዩ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ለማየት የሚሻለው ጠዋት ራቅ ብሎ በዝምታ መቀመጥ ነው። ጎጆውን አይነካኩ፣ እንቁላሉን ለማየት ቅርንጫፉን አይጎትቱ፣ ልጆችንም ወንጭፍ ያስጥሏቸው። ዛፉን ሊመለምሉ ካሰቡም ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪበሩ አንድ ወር ያህል ይታገሡ።