ሥራችሁን ከሠላሳ ታብ መሀል አውጡት

ስልኬ የጮኸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ደንበኛችን ናቸው። «ልጆች፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ቀን እኮ የድሮው ነው! ማክሰኞ ዕለት ተቀይሯል ብዬ አልጻፍኩላችሁም እንዴ?» አሉኝ። ጽፈውልናል። ሦስት መቶው ፖስተር ግን ታትሞ እጃቸው ገብቷል።

በግራፊክስና በቪዲዮ ሥራ የምንተዳደር አራት ጓደኛሞች ነን። ማን ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያስረክብ የምንከታተለው በኢንተርኔት በሚከፈት የሥራ ሰሌዳ ነው። የደንበኛችን መልእክት እዚያው፣ በፖስተሩ ካርድ ሥር ተቀምጧል። ሰሌዳው ያለው ግን ላፕቶፔ ላይ፣ ብሮውዘሬ ውስጥ፣ ከሠላሳ ምናምን ታብ መሀል ነው። ዩቲዩብ አለ፣ የሥራ ማስታወቂያ አለ፣ በጅምር የቀረ ፊልም አለ። ታቦቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ስማቸው እንኳ አይነበብም። ኖቲፊኬሽኑስ ካላችሁኝ፣ ሰሌዳውን በከፈትኩበት በመጀመሪያው ቀን «ማሳወቂያ ልላክልህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ቆጥሬ ከልክዬዋለሁ። ፖስተሩ በድጋሚ የታተመው ከእኛ ኪስ ነው።

ማታ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ከእናንተ መሀል ቴሌግራምን በስልኩ ብሮውዘር የሚከፍት አለ? የለም። የራሱ አፕ አለው፤ ምልክቱን ነክተን እንገባለን፣ መልእክት ሲመጣም እሱ ራሱ ይጠራናል። ታዲያ ለጨዋታችን የሰጠነውን ቦታ እንጀራችን ለሆነው ሥራ ለምን ነፈግነው?

እንደ ትሬሎ፣ አሳና፣ ክሊክአፕና ኖሽን ያሉት የሥራ ማስተዳደሪያዎች ብዙዎቻችን የለመድናቸው በብሮውዘር ነው። ሁሉም ግን ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አፕ አውጥተዋል። ሰሌዳው ያው ሰሌዳ፣ ካርዱም ያው ካርድ ነው። ልዩነቱ አፑ የራሱ መስኮት ያለው መሆኑ ነው። ከታች ባለው አሞሌ ላይ ምልክቱ ይቀመጣል፤ ከፈለጋችሁ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይከፈታል። ዋናው ነገር ደግሞ፣ አጠገቡ «እስቲ አንድ ቪዲዮ ብቻ» የሚል ታብ የለም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዘል ሐሳባችን ሙሉ በሙሉ አብሮን እንደማይሻገር አሳይተዋል። ከፊሉ የቀድሞው ሥራ ላይ ይቀራል። «የትኩረት ቅሪት» ልንለው እንችላለን። ካርዱን ለማየት ሄዶ ፊልሙ ላይ የተገኘ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት ማንበብ አያስፈልገውም።

ነገር ግን አፑን ለማውረድ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ እውነት ልንገራችሁ። «ብሮውዘር ከባድ ነው፣ አፕ ቀላል ነው» የሚባለው ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ብዙዎቹ የዴስክቶፕ አፖች የተሠሩት ኤሌክትሮን በሚባል መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጊትሃብ ውስጥ የተጀመረው ይህ መሣሪያ፣ የጉግል ክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየምን ራሱን በአፑ ውስጥ ይጠቀልለዋል። ስላክ፣ ዲስኮርድና ኖሽን በዚህ መንገድ ከተሠሩት መሀል ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ከብሮውዘር ሸሽታችሁ የጫናችሁት አፕ ራሱ ሌላ ልብስ የለበሰ ብሮውዘር ሊሆን ይችላል። ላፕቶፓችሁ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው፣ ክሮምን በሠላሳ ታብ ከፍታችሁ በላዩ ሁለት እንዲህ ያሉ አፖች ስትጨምሩበት መንተፋተፉ አይቀርም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ማን ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚበላ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ላፕቶፑ አቅም ለሌለው ሰው መካከለኛ መንገድ አለ። ክሮም ላይ የሥራ ሰሌዳችሁን ክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ። ገጹን አስቀምጦ ከማጋራት ጋር በተያያዘው ዝርዝር ውስጥ ገጹን እንደ አፕ የሚጭን ምርጫ ታገኛላችሁ። ማይክሮሶፍት ኤጅም ተመሳሳይ ነገር አለው። ይህን ስታደርጉ ሰሌዳው ከታቦቹ ተነጥሎ በራሱ መስኮት ይከፈታል፤ የሚሠራው ግን በዚያው በተጫነው ብሮውዘር ስለሆነ ሁለተኛ ክሮሚየም ተሸክሞ አይመጣም። እኔም በመጨረሻ የመረጥኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ ያን የከለከልኩትን ኖቲፊኬሽን መፍቀድ ሆነ። ይህን ካላደረጋችሁ አፑም ሆነ ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ያያችኋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ተስፋ የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቆያል። «አፑ ኮምፒውተሬ ላይ ስለተጫነ ሥራዬም እዚያው አለ» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይደለም። አፑ በሩ ነው እንጂ ዕቃ ቤቱ አይደለም፤ ካርዶቹ የተቀመጡት ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ለምሳሌ ኖሽን ገጾችን ያለ ኢንተርኔት ከፍቶ ማረም የሚያስችለውን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ የዴስክቶፕ አፑ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የእናንተን አፕ ዛሬውኑ ፈትኑት። ዋይፋዩን አጥፉ፣ አንድ ካርድ ክፈቱ፣ አንድ መስመር ጻፉበት። ከዚያ ዋይፋዩን መልሱና የጻፋችሁት በስልካችሁ ላይ ይታይ እንደሆነ እዩ። ውጤቱን የማስረከቢያ ቀን ከምታውቁት አሁን ብታውቁት ይሻላል።

ሌላው ማውረጃው ቦታ ነው። እኛ ሰፈር ሶፍትዌር ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከጓደኛ ፍላሽ መውሰድ የተለመደ ነው። የሥራ አፕ ላይ ግን አታድርጉት። በዚህ አፕ የምትገቡት የደንበኞቻችሁ ፋይል፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር ወዳለበት ነው። ከድርጅቱ ዋና ድረ ገጽ ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር ብቻ ውሰዱ። በሰው ኮምፒውተር ወይም በኢንተርኔት ካፌ ስትሠሩ ደግሞ አፕ መጫኑ ይቅርባችሁ፤ ብሮውዘሩን በግል መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱም ውጡ። ብሮውዘር ከአፕ የሚሻልበት ቦታ እዚህ ነው።

የቀደሙት «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። አሁን ቡድናችን የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ላፕቶፓችን ላይ በራሱ መስኮት አለ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልካችን ላይ በዳታ እናየዋለን። ጠዋት ላፕቶፑ ሲከፈት ከቴሌግራምም ከዩቲዩብም በፊት የሚታየው እሱ ነው። ለማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊትም አንዳችን ካርዱን ጮክ ብለን እናነባለን። ይህችኛዋን እንኳ የትኛውም አፕ አይሠራልንም።

ደንበኛችን ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ አዲስ መልእክት ጻፉ። «ቀኑ እንደገና ተቀይሯል» ይላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «አይተነዋል» ብዬ መለስኩላቸው።