ዶፈን «ፈነዳ» በተባለ ጊዜ

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል ከዶፈን ተራራ አጠገብ መሬቱ አፍ አውጥቶ እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የይፋት ቆላ የዚያው ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ሲደጋገም የሰነበተው መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ቪዲዮው እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው ስያሜው ነው። ከመሬት በላይ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት አልነበረም፤ የወጣው ሥር ባለው ሙቀት የተገፋ እንፋሎትና ፍርስራሽ ነው። ታዲያ ወሬው ባዶ ነበር? አልነበረም፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። በተለያየ ቀን የተነሱ የሳተላይት ራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ በፈንታሌ ተራራና በዶፈን መካከል መሬቱ እንደተለጠጠ ያሳያሉ። ማግማ፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለው ቅልጥ ዐለት፣ ዐለቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ሰርጓል፤ መንቀጥቀጡንም የቀሰቀሰው ይኸው ነው። «እሳት አለ» ያለ ሰው አልዋሸም፤ «ወጣ» ያለው ግን ቸኩሏል።

ከሳተላይቱ በፊት የሚሰሙት የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ናቸው። ፈጣኑ የመንቀጥቀጥ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ዘገምተኛው 3.5 ያህል። በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለፈ እያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ይሆናል፤ ሦስት ጣቢያዎች ርቀታቸውን ሲያገናኙ መነሻው ይገኛል። የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎችና ቀመሮች ስለሚለያዩ የመንቀጥቀጡን መጠን አንዱ ተቋም 5.5፣ ሌላው 5.8 ቢል «ደበቁን» አያሰኝም።

መሣሪያ የሰማውና ወሬ የሚያወራው መለያየቱ በውሃ ውስጥም ያው ነው። ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ታይታን የተባለችው ጠላቂ ጀልባ 3,800 ሜትር ወደሚጠልቀው የታይታኒክ ስብርባሪ ስትወርድ 5 ሰዎች እንደያዘች ጠፋች። ዓለም «ሲያንኳኩ ተሰሙ» እያለ የቀራቸውን ኦክስጅን ሲቆጥር ሰነበተ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የድምፅ መሣሪያዎች ግን ጀልባዋ በግፊት ስትጨፈለቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ገና በመጀመሪያው ቀን መዝግበው ነበር። ኋላ የተሠራጨው «የመጨረሻ ንግግራቸው» የተባለ ጽሑፍም ፈጠራ መሆኑን መርማሪዎች አረጋገጡ።

ወደ ይፋት ልመለስ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከአጣዬ በስተሰሜን ያለችው ካራቆሬ ክፉኛ ተናወጠች፤ ማጀቴም ፈረሰች። ያን ታሪክ መዝግቦ ያቆየልን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ጉዌን ነው። አካባቢው ወደፊትም እንደሚናወጥ ከዚህ መዝገብ ማወቅ ይቻላል። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ ግን በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ «ዛሬ ማታ 5 ሰዓት ላይ ይመጣል» የሚል መልእክት ሲደርስዎ ማን እንደላከው መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።