ነባሩ ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት፦ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ትክክለኛነት እንዴት ይረጋገጣል?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ደብዳቤዎች፣ የሒሳብ መዝገቦችና የአባላት ዝርዝሮች ይጻፉ የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ፣ የየራሳቸው የፊደል አሰጣጥ ባላቸው ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ ሰነዶች በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ትርጉም አልባ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። አንዱ መፍትሔ የነባሩን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ገልብጦ፣ ነባሩን ማሽን አስመስሎ በሚያሠራ ሶፍትዌር (ኢሙሌተር) አማካይነት በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መጠቀም ነው።

ይህ ፋይል ቨርቹዋል ዲስክ ይባላል። ማሽኑ ከፋይሉ ተነሥቶ ሠራ ማለት ግን ይዘቱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ሲነሣ የሚያነበው ከዲስኩ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። ነባሩ ዲስክ ከተሰረዘ ወይም ከተሸጠ በኋላ የሚታወቅ ጉድለት ደግሞ ማረሚያ የለውም።

የቨርቹዋል ዲስክ ቅርጸት አንድ ዓይነት አይደለም። ቨርቹዋልቦክስ ቪዲአይን፣ ቪኤምዌር ቪኤምዲኬን፣ ማይክሮሶፍት ቪኤችዲንና ቪኤችዲኤክስን፣ በነጻ የሚገኘው ኪው-ኢሙ ደግሞ ኪው-ካው 2ን በዋናነት ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ሌላ የዲስኩን ባይቶች በቅደም ተከተላቸው ብቻ የያዘ «ጥሬ» የሚባል ቅርጸት አለ። ጥሬ ፋይል የራሱ መለያም ሆነ የውስጥ ማውጫ ስለሌለው መዋቅሩን መፈተሽ አይቻልም፤ የሚቻለው በተገለበጠበት ጊዜ የተሰላለትን የኤስኤችኤ-256 አሻራ መዝግቦ ይዞ በኋላ ከሚሰላው ጋር ማመሳከር ነው።

በሌሎቹ ቅርጸቶች ፍተሻው የሚጀምረው ከፋይሉ ውስጣዊ መለያ ነው። የፋይል ስም ቅጥያ ማንም ሊቀይረው ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። የቪኤችዲ ፋይል መጨረሻው ላይ 512 ባይት ርዝመት ያለው የግርጌ መዝገብ ይገኛል። መዝገቡ ቅርጸቱን በፈጠረው ኩባንያ ስም፣ «ኮኔክቲክስ» በሚል ባለ 8 ሆሄ የላቲን ጽሑፍ ይጀምራል፤ የዲስኩን መጠንና የራሱን ማረጋገጫ ድምርም ይይዛል። ሊስተዋል የሚገባው፣ መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ቪኤችዲ የዚሁ መዝገብ ቅጂ በፋይሉ መጀመሪያም ያለው መሆኑ ነው። ፍላሽ ዲስኩ ሞልቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ግልበጣው መሃል ላይ ቢቋረጥ የፊተኛው መዝገብ እንዳለ ሆኖ የኋለኛው ይጎድላል። ፊቱን ብቻ የሚያይ ፍተሻ እንዲህ ያለውን ፋይል ደኅና ነው ብሎ ያሳልፈዋልና ሁለቱም መመሳከር አለባቸው።

ቪኤችዲ የዲስኩን መጠን በሁለት መንገድ ይጽፋል፤ አንድም በቀጥታ በባይት፣ አንድም በሲሊንደር፣ በሄድና በሴክተር ቁጥር። ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል አይመጡም፤ የኋለኛው ስሌት እንዲያውም ከ127 ጊጋባይት ገደማ በላይ ሊገልጽ አይችልም። አንዱ ሶፍትዌር አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ከተከተለ ዲስኩ ከጫፉ ሊያጥር ይችላል።

ኪው-ካው 2 ይዘቱን፣ የተለየ ምርጫ ካልተሰጠው፣ በ64 ኪሎባይት ክፍልፋዮች ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥር ሠንጠረዥም አለው። የኪው-ኢሙ የ«ቼክ» ትዕዛዝ ይህን ቆጠራ ከማውጫው ጋር አስተያይቶ ውጤቱን በቁጥር ይመልሳል። 0 ስሕተት አልተገኘም ማለት ነው። 3 ባለቤት የሌላቸው ክፍልፋዮች አሉ ማለት ሲሆን የሚባክነው ቦታ እንጂ መረጃ አይደለም። 2 ግን መዋቅሩ መበላሸቱን ያመለክታል። 1 ፍተሻው ራሱ አልተጠናቀቀም ማለት ስለሆነ ከ0 ጋር ሊምታታ አይገባም። ጥገና የሚሞከረው በቅጂ ላይ፣ ያውም ቨርቹዋል ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ብቻ ነው።

መዋቅሩ የተስተካከለ ፋይል የተሳሳተ ይዘት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ በተለወጠ ቁጥር የ«ኮምፔር» ትዕዛዝ ሁለቱን ማነጻጸር አለበት። ትዕዛዙ በተለመደው አሠራሩ የመጠን ልዩነትን፣ ትርፉ ክፍል ባዶ እስከሆነ ድረስ፣ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋል፤ ልዩነቱን እንደ ስሕተት እንዲቆጥር ጥብቅ የማነጻጸሪያ ምርጫው መታዘዝ ይኖርበታል።

ከሌላ ሰው የተገኘ ፋይል የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኪው-ካው 2 ፋይል ይዘቱ በሌላ ፋይል ውስጥ እንደሚገኝ ሊጠቁም ይችላል፤ ጠቋሚው ወደ ተቀባዩ ኮምፒውተር የግል ሰነድ እንዲያመለክት ተደርጎ ሊዘጋጅም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኦፐንስታክ የደመና ሶፍትዌር ላይ ይፋ የሆነው ክፍተት ከዚሁ ዓይነት ነበር። በመሆኑም ሶፍትዌሩ የፋይሉን ቅርጸት በግምት እንዲለይ ከመተው ይልቅ ቅርጸቱን ለይቶ መንገር፣ ወደ ውጭ የሚያመለክት ጠቋሚ ያለበትንም ፋይል አለመክፈት ይመከራል።

የመጨረሻው ፈተና በዓይን የሚደረገው ነው። ነባሩ ኮምፒውተር በርቶ ሳለ የተገለበጠ ዲስክ ከላይ የተጠቀሱትን ፍተሻዎች ሁሉ አልፎ እንኳ በግማሽ የተጻፈ ሰነድ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ በዲስኩ ላይ ለውጥ በማይጽፍበት አሠራር ይነሣል፤ ከየዓመቱ ጥቂት ሰነዶች ተመርጠው በቀድሞው ፕሮግራም ይከፈታሉ፤ ፊደላቱ፣ የገጾቹ ብዛትና የሒሳብ ድምሮቹ ከታተመው ወረቀት ጋር ይነጻጸራሉ። ነባሩ ሃርድ ዲስክ እስከዚያ ድረስ ሳይነካ ይቀመጣል።