ዋካንዳን ዳግም ያቆሙ እጆች

«ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» መሪ ተዋናዩ በሞት ከተለየ በኋላ የተሠራ ክፍል ሁለት ፊልም ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለእይታ በቅቶ በመላው ዓለም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የዋካንዳን ንጉሥ ቲቻላን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን ያን ሁሉ ትግልና ዝላይ ሲሠራ የአንጀት ካንሰር ታማሚ እንደነበር የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በ2020 ነሐሴ ወር፣ በ43 ዓመቱ ሲያርፍ የፊልሙ ዳይሬክተር ራያን ኩግለር እንኳ ሕመሙን አያውቅም ነበር።

ኩግለር በዚያን ጊዜ የክፍል ሁለትን ድርሰት በረቂቅ ጨርሶ ነበር። ታሪኩ ቲቻላ አባት ሆኖ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈውን ሕይወት ይከተላል፤ ቦዝማን ግን ሊያነበው አቅም አላገኘም። ከቀብሩ በኋላ ዳይሬክተሩ ሙያውን ጨርሶ ለመተው አስቦ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አምራቹ ማርቭል ስቱዲዮስ በበኩሉ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት፤ ሌላ ተዋናይ መተካት ወይም የሟቹን ምስል በኮምፒውተር መሥራት። ሁለቱንም አልመረጠም። ኩግለርና የድርሰት ባልደረባው ጆ ሮበርት ኮል ንጉሥ የሞተባት አገር፣ ወንድሟን ያጣች እህትና ልጇን የቀበረች እናት ታሪክ አድርገው እንደ አዲስ ጻፉት። የሚያለቅሱት ተዋንያን አብሯቸው ለሠራው ወዳጃቸው ያለቅሱ ነበርና የፊልሙ ጥንካሬ የሚመነጨው ከዚህ ውሳኔ ነው።

ኩግለር እምነቱን የሚጥለው አብረውት ባደጉ ባለሙያዎች ላይ ነው። የፊልም ቦታ ንድፍ ባለሙያዋ (ፕሮዳክሽን ዲዛይነሯ) ሐና ቢችለር፣ የሙዚቃ ደራሲው ሉድቪግ ጎራንሰንና ኤዲተሩ ማይክል ሾቨር በ2013 ከወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ፍሩትቬል ስቴሽን» ጀምሮ ከጎኑ አልተለዩም። አዲስ የገባችው የካሜራ ባለሙያዋ ኦተም ዱራልድ አርካፖ ናት፤ ክፍል አንድን የቀረጸችው ሬቸል ሞሪሰን ነበረች። ቢችለር ለመጀመሪያው ፊልም የዋካንዳን ታሪክ፣ ከተሞችና ልማድ የሚዘረዝር 500 ገጽ ገደማ መጽሐፍ አዘጋጅታ ነበር። በፊልሙ የሚታየው የጎዳናና የገበያ ግርግር ከዚያ ሥራ የተቀዳ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሁሉም የሚቀርበው ግን የአልባሳት ባለሙያዋ የሩት ካርተር ሥራ ነው። ዋካንዳ የምናብ አገር ትሁን እንጂ በፊልሞቹ ካርታ ላይ የተቀመጠችው ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑበት አካባቢ ነው፤ ኦሞ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባውም በዚያው ነው። የወንዝ ጎሳ ሽማግሌ ሆኖ በሁለቱም ክፍሎች የተጫወተው የኮትዲቯሩ ተወላጅ ኢሳክ ደ ባንኮሌ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ገል ከሙርሲና ከሱሪ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙ እውነታውን ለራሱ አመቻችቷል። በሙርሲም ሆነ በሱሪ የከንፈር ገል የሴቶች ጌጥ ነው፤ በፊልሙ ግን ያጌጠበት ወንድ ነው። ጌጡ ለዓይን ስለሚስብ ብቻ ከባለቤቱ ሕዝብ ትርጉም ተነጥሎ መወሰዱ ሊነቀፍ የሚገባው ነገር ነው።

የማዕድን ጎሳ ሽማግሌዋ ጸጉር በተሻለ ጥንቃቄ የተሠራ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኮኒ ቹሜ የምትታየው በናሚቢያ ሂምባ ሴቶች ወግ፣ ቅቤና ቀይ አፈር ተለውሶ በተቀባ ሹሩባ ነው። የሐመር ሴቶችም ጸጉራቸውን የሚያስውቡት በቅቤና በቀይ አፈር ነው። ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ የሚያልፍ ሰው ለወጥ የሚሆነው በሳል ቅቤ ለብቻው፣ ለአናት የሚሆነው ለጋ ለብቻው ሲጠየቅ ይሰማል። ቅቤ የመልክም የማዕረግም ቅባት መሆኑን ለሚያውቅ ተመልካች ያ ቀይ ጸጉር ባዕድ አይሆንበትም። የጸጉር ሥራው ኃላፊ ካሚል ፍሬንድ ናት።

የክፍል ሁለት መክፈቻ የንጉሡ ቀብር ነው። ካርተር መላውን ሕዝብ ነጭ አልብሳዋለች፤ ከበሮው እየተመታ፣ እየተጨፈረ ሬሳው ይሸኛል። እኛ ዘንድ በነጭ ልብስ ላይ ሐዘንን የሚናገረው አለባበሱ ነው፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰችን ሴት ያየ ሁሉ ምን እንደደረሰባት ሳይጠይቅ ይረዳል። ካርተርም ንግግር ሳይጀመር ልብሱ እንዲያረዳ አድርጋለች።

ከቦዝማን ሌላ ቡድኑ በሞት ያጣቸው፣ በሁለቱም ክፍሎች የነጋዴዎችን ጎሳ የወከሉት ዶሮቲ ስቲል ናቸው። ትወና የጀመሩት በ88 ዓመታቸው ሲሆን፣ የክፍል ሁለት ቀረጻ ገና ሳይጠናቀቅ በጥቅምት 2021 በ95 ዓመታቸው አርፈዋል።

ቀረጻው በአመዛኙ አትላንታና አካባቢዋ የተካሄደ ሲሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አሁን መሪዋ ገጸ ባሕርይ የሆነችው የቲቻላ እህት ሹሪ ናት፤ የምትጫወታት በጋያና የተወለደችው ሌቲሺያ ራይት ናት። በ2021 ነሐሴ ቦስተን ውስጥ የሞተር ሳይክል ትዕይንት ስትሠራ ወድቃ ትከሻዋ ተሰበረ፤ ቀረጻውም ኋላ ላይ እርሷን ለመጠበቅ ተቋርጦ በ2022 መጀመሪያ ቀጠለ። የጦር አዛዧን ኦኮዬን የምትጫወተው ዳናይ ጉሪራ አሜሪካ ተወልዳ ዚምባብዌ ያደገች ናት። ሌላዋ ተዋናይት ሉፒታ ንዮንጎ ደግሞ ኬንያዊት ብትሆንም የተወለደችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። የሁለተኛው ክፍል ታሪክ አፍሪካንና ሜክሲኮን የሚያፋጥጥ በመሆኑ ይህ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

የዋካንዳ ተቀናቃኝ የባሕር ንጉሡ ኔሞር ነው። በጥንቱ የኮሚክ መጽሐፍ የአትላንቲስ ገዥ ሲሆን፣ ኩግለርና ባልደረቦቹ ታሎካን የምትባል አዲስ አገር ፈጠሩለት፤ ሕዝቧም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔን ቅኝ ገዥዎችና ከፈንጣጣ ሸሽቶ ባሕር የገባ የማያ ትውልድ ሆነ። ሜክሲኳዊው ቴኖክ ዌርታ ይህን ሚና ሲቀበል ዋና አያውቅም ነበር። የቡድኑ ተዋንያን ትንፋሽ አምቆ ውኃ ውስጥ መቆየትን ተለማመዱ፣ የዩካታን ማያ ቋንቋም ተማሩ። ሰፊ የውኃ ገንዳ ተሠርቶ ብዙ ትዕይንት በእርግጥም ውኃ ውስጥ ተቀርጿል። ይህ ለአልባሳት ክፍሉ ትልቅ ራስ ምታት ነበር፤ ላባና ዶቃ የተሰፋበት ልብስ በደረቅ ያማረውን ያህል ሲርስ ስለማያምር፣ ስለሚከብድ ወይም ስለሚንሳፈፍ ሁሉም በገንዳ መፈተን ነበረበት።

ስዊድናዊው ጎራንሰን ለመጀመሪያው ክፍል ወደ ሴኔጋል ተጉዞ ከድምፃዊው ባባ ማል ጋር ሠርቶ ነበር። ከፊልሙ ጋር በወጣው አልበም ላይ ከኬንድሪክ ላማር ጋር «ፕሬይ ፎር ሚ»ን የዘፈነው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ ነው። ለሁለተኛው ክፍል ጎራንሰን ወደ ሜክሲኮና ወደ ሌጎስ ሄዶ የአካባቢውን ሙዚቀኞች አስቀረጸ። የመዝጊያው ዘፈን «ሊፍት ሚ አፕ» የሪሃና ነው፤ ግጥምና ዜማውን ከእርሷ ጋር የሠሩት ናይጄሪያዊቷ ቴምስ፣ ጎራንሰንና ኩግለር ናቸው።

ፊልሙ በኅዳር 2022 ወጥቶ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ለአምስት የኦስካር ዘርፎችም ታጨ። ያሸነፈው በአልባሳት ብቻ ነበር። ካርተር በመጀመሪያው ክፍል በ2019 ተሸልማ ስለነበር ሁለት ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ከሽልማቱ ጥቂት ቀናት በፊት የ101 ዓመት እናቷ አርፈው ነበርና መድረክ ላይ ቆማ እናቷን እንዲጠብቅላት ለቦዝማን አደራ ሰጠች። የቲቻላን እናት ንግሥት ራሞንዳን ሆና የተጫወተችው አንጄላ ባሴት ኦስካሩን ባትወስድም ጎልደን ግሎብ አሸንፋለች፤ በማርቭል ስቱዲዮስ ፊልም በትወና ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ሰውም እርሷ ናት።