ፈረሰኛው ለማን ይደርሳል?

ዶሮ ወጥ በወጉ ሲሠራ ዶሮዋ በ12 ብልት ትከፈላለች፤ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ለአባወራው ይወጣል። እናት ብዙ ጊዜ ወደ ሞሰቡ የምትቀርበው ሌላው በልቶ ሲነሣ ነው። እያየነው ያደግነውን ይህን ነገር የኢኮኖሚ ጥናት ለረጅም ጊዜ ከጓዳ አላወጣውም። የድህነት መጠይቆች ዛሬም በአብዛኛው የቤቱን ጠቅላላ ወጪ ይመዘግቡና ለነፍስ ወከፍ ያካፍሉታል። በዚህ ስሌት በአንድ ጣራ ሥር አንዱ ጠግቦ ሌላው ሊራብ አይችልም።

ለዚህ አስተሳሰብ መልክ የሰጠው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጌሪ ቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለሁሉም የሚያስብ አንድ ኃላፊ ካለ ቤቱን እንደ አንድ ሰው ማየት ይቻላል ብሎ ተከራከረ። እውነት ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በማን እጅ ቢገባ ወጪው አይለወጥም ነበር። ግን ይለወጣል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ቀድሞ በአባት ግብር ላይ ይቀነስ የነበረው የልጆች ድጎማ በጥሬ ገንዘብ ለእናት መከፈል ጀመረ፤ ከወንዶች ልብስ ይልቅ ለሴቶችና ለልጆች ልብስ የሚወጣው ድርሻ አደገ። በደቡብ አፍሪካም የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳየችው፣ የጡረታ ገንዘብ በሴት አያት እጅ ሲገባ አብረዋት የሚኖሩት የልጅ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሰውነታቸው ተሻሽሏል፤ ለወንድ አያት ሲከፈል ግን ይህ አልታየም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ የቡርኪና ፋሶው ጥናት ነው። በዚያ ባልና ሚስት የየራሳቸው ማሳ አላቸው። ክሪስቶፈር ኡድሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ሰብል የተዘራባቸውን ማሳዎች አነጻጸረ። የሴቷ ማሳ ምርት 30 በመቶ ገደማ ያንሳል። መሬቷ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፍጉ ወደ ባልየው ማሳ ስለሚሄድ፣ የሰው ጉልበትም ወደዚያው ስለሚያደላ ነው። ያው ፍግና ጉልበት በአግባቡ ቢከፋፈል ቤቱ 6 በመቶ ያህል ተጨማሪ እህል ያገኝ ነበር። ማዳላቱ የተበደለችውን ብቻ አልጎዳም፤ የጋራውን ጎተራ አጎደለ።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ስቴፋን ዴርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ ገጠር ባለትዳሮች በሕመም ጊዜ ክብደታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ተከታተሉ። አብዛኛው ቤት ክፉውን ቀን ተካፍሎ ያልፋል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በደቡብ ባሉ ድሃ ቤቶች ግን ጉዳቱ በሴቷ ሰውነት ላይ ያርፋል።

ድርሻው በድርድር የሚለይ ከሆነ፣ በትዳር ውስጥ የመደራደር አቅም፣ ትዳሩ ቢፈርስ እያንዳንዱ ይዞ ከሚወጣው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ማርሴል ፋፍሻምና አግነስ ኪሱምቢንግ በኢትዮጵያ ገጠር እንዳጠኑት፣ ሙሽራው ወደ ትዳር የሚያመጣው መሬትና ከብት ሙሽራዋ ከምታመጣው እጅግ ይበልጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። በአማራ ክልልም የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብረው መውጣት ጀመሩ። ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ያለ ሴት ስትፋታ ባዶ እጅሽን ውጪ ማለት እንደ ድሮው አይቀልም።

ያም ሆኖ የሕግ መስመር ጓዳ ድረስ አይዘልቅም። በሬው ሲሸጥ የሚደራደረው ባል ነው፤ የእንቁላሉና የቅቤው ገንዘብ ግን በእናት መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ይቀመጥና የልጅ ደብተር፣ ጨውና በርበሬ ይሆናል። መጠይቅ ይዞ የሚዞረው ቆጣሪ ደጃፍ ሲደርስ የሚጠይቀው በአብዛኛው አባወራውን ነው፤ በመቀነቱ ስንት እንደተቋጠረ እሱም አያውቅም።