ስለ ረቂቅ ነገር ምርመራና ስለ አፈር ናሙና

ለዓይን የማይታይ ጥቂት ነገር ሰውን ለመግደል ወይም የእርሻን ፍሬ ለማሳነስ ይበቃል። ይህን ረቂቅ ነገር ለይቶ የማወቅ ጥበብ በአውሮፓ እጅግ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

በ1836 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ጄምስ ማርሽ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ የሚገልጥ ዘዴ አወጣ። የተጠረጠረው ነገር ከዚንክና ከድኝ አሲድ ጋራ ሲቀላቀል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙን ለኩሰው ቀዝቃዛ ነጭ ሳህን በነበልባሉ ላይ ሲይዙበት፣ መርዝ ካለ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ በሳህኑ ላይ ይቀራል። በዚህም ዘዴ አንድ ሚሊግራም ለ50 ተከፍሎ አንዱ እጅ እንኳ ሊታወቅ ቻለ።

ነገር ግን ዚንኩ ወይም አሲዱ ራሱ አርሴኒክ ቢኖርበት ንጹሕ ሰው በሐሰት ይፈረድበታል። ስለዚህ በ1840 በፈረንሳይ አገር ማሪ ላፋርዥ ባሏን በመርዝ ገድላለች ተብላ በተከሰሰች ጊዜ፣ ሊቁ ኦርፊላ መርዙን በሬሳው ውስጥ ካገኘ በኋላ፣ ከመመርመሪያው መድኃኒትም ሆነ በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ ካለው አፈር አለመምጣቱን ለፍርድ ቤቱ አስረዳ።

ይህ ጥንቃቄ ለእርሻም ይጠቅማል። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ በብዙ ስፍራ ዝናም የአፈሩን ኖራ በዘመን ብዛት አጥቦ ስለሚወስደው አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል። ያን ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የስንዴውንና የገብሱን ሥር ያቀጭጫል። የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለጉዳት ግን ይበቃል። እንግዲህ አዝመራው ያነሰበትን ገበሬ ሰነፍ ነው ብሎ ከመውቀስ በፊት አፈሩን ማስመርመር ይገባል። ኮምጣጣነቱ በምርመራ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ መጠኑም እንደ ምርመራው ውጤት እንጂ በግምት አይወሰንም።

ከይጁቤም ሆነ ከሌላ ስፍራ ናሙና ሲላክ የሚከተለው ይጠበቅ፦

፩ኛ፤ ከአንድ ማሳ ከ10 እስከ 15 በሚሆን ስፍራ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ጥቂት ጥቂት አፈር ይነሣ።

፪ኛ፤ ፍግ ከተከመረበት፣ አመድ ከፈሰሰበት፣ ከዛፍ ሥርና ከመንገድ ዳር አይወሰድ።

፫ኛ፤ በንጹሕ ዕቃ ተቀላቅሎ አንድ ኪሎ ያህል ይላክ፤ ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያ አይጨመር።

፬ኛ፤ የማሳው ስፍራና የተነሣበት ቀን ይጻፍበት።

ጥቂቱን ነገር የሚገልጥ ምርመራ በጥቂት እድፍ ይሳሳታል። የወረዳው ሹም ናሙናው በዚህ ሥርዓት መነሣቱን ራሱ ቢያረጋግጥ፣ ገበሬው በከንቱ ከመወቀስ፣ ገንዘቡም በማያስፈልግ ኖራ ከመጥፋት ይድናል።